የሰይጣኑ በርና የወይዘሮ ዳፍኒ ቁም ሳጥን

የሊትል ሃክስዊክ ቅዱስ ቦቶልፍ ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ በአስቸኳይ ተጠርቶ በዝግታ ያካሄደው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2019

ቦታ፦ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ ከመቅደሱ ፊት። የመንደሩ አዳራሽ ይሻል ነበር፤ ይሞቃል። ነገር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የውሻ ሥልጠና አለበት፣ ውሾቹም ከእኛ ቀድመው ተመዝግበዋል።

ሰዓት፦ ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ ስምንት ከሃያ አምስት ላይ ተጀመረ። ሃያ አምስቱ ደቂቃ ያለቀው ማሞቂያውን ማን ያብራው በሚለው ክርክር ነው። ማሞቂያው አልበራም።

የተገኙ አባላት፦

1. ቄስ ፒርስ ኦድሊ፣ ሰብሳቢ። ስድስት አጥቢያ ስለሚያገለግሉ ዘወትር አንድ እግራቸው መኪና ውስጥ ነው።

2. ሻለቃ ሄክተር ትዌይት፣ ጡረተኛ። በውትድርና ዘመናቸው የብርድ ልብስ መጋዘን ኃላፊ ነበሩ፤ አሁን የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ኃላፊ ናቸው። በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ባለ ስምንት ገጽ የጎብኚዎች መመሪያ የጻፉት እሳቸው ናቸው።

3. ወይዘሮ ዳፍኒ ሎክዉድ፣ የአበባ አሰናጆች ማኅበር ሊቀ መንበር። ሌሎቹ የማኅበሩ አባላት በእሳቸው ምክንያት ስለለቀቁ በአሁኑ ጊዜ ማኅበሩ እሳቸው ናቸው።

4. አቶ ኖርማን ጊብስ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ጠባቂ። ገበሬ ናቸው። ባለፉት ሦስት ስብሰባዎች የተናገሩት በድምሩ አንድ ቃል ሲሆን፣ እሱም «እሺ» ነው።

5. ፕሩደንስ ኤልኪን፣ ጸሐፊ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጬ የሰው ብሶት ስሰማ ስለኖርኩ ይህንን ሥራ ማንም አልተሻማኝም። ከዚህ በታች ራሴን «ጸሐፊዋ» እላለሁ፣ ደንቡ ነው።

6. ወይዘሮ አይቪ ፔክ፣ በመስኮት።

ያልተገኙ፦ ዘጠኝ አባላት። አምስቱ የእግር ኳስ ጨዋታ አለ ብለው ቀሩ። ሦስቱ ጨዋታው መኖሩን ሳያውቁ ቀሩ። አቶ ኧርነስት ዌልም በሚያዝያ ያረፉ ሲሆን፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ ስላላስገቡ እስካሁን አባል ናቸው።

አጀንዳ 1፦ ምልዓተ ጉባኤ

ይህ አጀንዳ በፕሮግራሙ ላይ አልነበረም፣ ራሱ መጣ። በደንባችን መሠረት ከአሥራ አምስቱ አባላት ስድስቱ ካልተገኙ ስብሰባ የለም። ከውስጥ አምስት ነበርን። ስድስተኛዋ ወይዘሮ አይቪ ከውጭ፣ ጠጠሩ መንገድ ላይ፣ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ተቀምጠው፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ባለው ዝቅተኛ መስኮት አንገታቸውን ብቅ አድርገው ነበር።

ወይዘሮ አይቪ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ሃምሳ አንድ ዓመት ደወል ደውለውልናል። ከሁለት ዓመት በፊት በፋሲካ ማግስት ከደቡቡ በር ሦስት ደረጃዎች በሦስተኛው ላይ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ የሚሰሙት በዚያ መስኮት ነው፤ በበጋ በኮፍያ፣ በክረምት በጃንጥላ።

ሻለቃ ትዌይት የሥርዓት ጥያቄ አለኝ ብለው ተነሱ። በመመሪያቸው ገጽ አምስት ላይ እንደተገለጸው መስኮቱ በጥንት ዘመን ለምጻሞች ቅዳሴ እንዲሰሙ የተሠራ «የለምጻሞች መስኮት» ስለሆነ፣ በእሱ በኩል የሚገኝ ሰው በትርጓሜው ውጭ ያለ ሰው ነው፣ ውጭ ያለ ሰው ደግሞ አይቆጠርም አሉ።

ወይዘሮ አይቪ፣ «ሻለቃ፣ እኔን የታመመኝ ዳሌዬ እንጂ ቆዳዬ አይደለም» አሉ። ቃል በቃል እንዲመዘገብም ጠየቁ። ተመዝግቧል።

ጸሐፊዋ በጸደይ ወራት ከሀገረ ስብከቱ የመጣችው የሕንጻ ታሪክ ባለሙያ የጻፈችውን ደብዳቤ አስታወሰች። ባለሙያዋ በዚህ አካባቢ ለምጻም ስለመኖሩ አንድም ማስረጃ እንዳላገኘች፣ መስኮቱም ምናልባት እርሻ ላይ ያለው ሰው የቅዳሴው ዋና ሰዓት መድረሱን እንዲያውቅ የእጅ ቃጭል የሚደወልበት እንደነበረ ጽፋለች። ሻለቃው ባለሙያዋ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ እንደሆነ ገለጹ። ደብዳቤዋን በዚሁ ውድቅ አደረጉት።

አቶ ኖርማን፣ «እንግዲያው ስድስት ካልሞላን ወደ ቤታችን እንሂዳ» አሉ። ይህ ከስድስት ወር ወዲህ በዚህ ጉባኤ የተነገረ የመጀመሪያው አስተዋይ ንግግር ስለነበር ሁሉም ደነገጠ። ሰብሳቢው ጉዳዩ ከነገ በፊት መልስ እንደሚፈልግ አሳሰቡ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ወይዘሮ አይቪ ለቆጠራ ሲሆን ውስጥ፣ ለድምፅ አሰጣጥ ሲሆን ውጭ እንዲሆኑ ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ነፋስ

ወይዘሮ ዳፍኒ የመስኮቱ የእንጨት መዝጊያ ክፍት በመሆኑ ነፋስ እየገባ የዳልያ አበባዎቻቸውን እያንገላታባቸው መሆኑን አመለከቱ። «አይቪዬ፣ ቅር እንዳይልዎት እንጂ፣ ትንሽ ገፋ ቢያደርጉት?» አሉ። ወይዘሮ አይቪ፣ «ዳፍኒዬ፣ ከገፋሁት እኔም ወጣሁ፣ ስብሰባሽም ፈረሰ» ብለው መለሱ።

ሻለቃው መካከለኛ መንገድ አቀረቡ። መዝጊያው በግማሽ ቢዘጋ የወይዘሮ አይቪ ድምፅ ይገባል፣ ነፋሱ ግን ይቀራል አሉ። አቶ ኖርማን ነፋሱ ይህን ትእዛዝ በምን ቋንቋ እንደሚነገረው ጠየቁ። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተባለ።

መዝጊያው በግማሽ እንዲዘጋ ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ተወሰነ። ከዚህ በኋላ ከወይዘሮ አይቪ የሚታየን አንድ ዓይናቸውና የኮፍያቸው ግማሽ ብቻ ነበር። ነፋሱ እንደነበረ ቀጠለ።

አጀንዳ 3፦ የወይዘሮ አይቪ ፔክ ጥያቄ

ስብሰባው የተጠራው ለዚህ ነው። ነገ እሑድ ጠዋት በአራት ሰዓት የወይዘሮ አይቪ የልጅ ልጅ ልጅ፣ የአምስት ወር ሕፃን ኔል፣ በቤት ስሟ ኔሊ፣ ትጠመቃለች። ማጥመቂያው የድንጋይ ገንዳ ያለው በሰሜኑ በር አጠገብ ነው። በዚያ በኩል መሬቱ ከፍ ስለሚል ደረጃ የሚባል ነገር የለም። ወይዘሮ አይቪ ያ በር እንዲከፈትላቸው ጠየቁ።

ንግግራቸው አጭር ነበር፤ እንዳለ ሰፍሯል። «በዚያ ገንዳ እኔ ተጠምቄበታለሁ፣ እናቴም። ልጄ ሩትንም በዚህ እጄ ይዤ አስጠምቄበታለሁ። ሩት የልጅ ልጇን ሳታይ ሞተች። ስትሞት ቃል አስገብታኛለች፤ ነገ በሷ ቦታ የምቆመው እኔ ነኝ። የምቆመው ስል የምቀመጠው ማለቴ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

 ጸሐፊዋ ጉዳዩ ያለቀ መስሏት «ተፈቅዷል» የሚለውን ቃል መጻፍ ጀምራ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ያየች ሴት እንዲህ መሞኘቷ ያሳፍራል። ቃሉን ሰርዛለች።

ሻለቃ ትዌይት ተነስተው የመመሪያውን ገጽ ሦስት በንባብ አሰሙ። በንባቡ መሠረት የሰሜኑ በር «የሰይጣን በር» ይባላል። በጥንት ዘመን ሕፃን ሲጠመቅ ከሕፃኑ የሚወጣው ሰይጣን መሄጃ እንዲያገኝ በሩ ይከፈት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1349፣ በታላቁ ቸነፈር ዓመት፣ የመንደሩ ሰው ሰይጣኑ ዳግም እንዳይመለስ በሩን በባልጩት ገንብቶ ለዘላለም ዘጋው። ሻለቃው በእንባ ጭምር፣ «ያ ግንብ የአባቶቻችን ፍርሃት ነው፤ ፍርሃታቸውን አፍርሰን ምን ልንሆን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ወይዘሮ አይቪ በግማሹ መዝጊያ በኩል፣ «እኔ የምለው፣ ነገ ጥምቀት አይደል እንዴ? ታዲያ የኔሊ ሰይጣን በየት ይውጣ? በደረጃው ይውረድ? ዳሌው ይሰበር?» አሉ።

ሻለቃው አደጋው መውጣቱ ሳይሆን መግባቱ ነው አሉ። ሰይጣን ውጭ አድፍጦ ሊሆን ይችላል ሲሉም አስጠነቀቁ።

ወይዘሮ አይቪ፣ «ውጭ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ፣ እስካሁን አላገኘሁትም። ውስጥ ካለ ግን እናንተ ታውቁታላችሁ» አሉ። አቶ ኖርማን ሳቁ። ሰብሳቢው ሳቁ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ አዘዙ፤ ትእዛዙ እዚህ ተመዝግቧል።

ቄስ ኦድሊ ስለ ሰይጣን የቤተ ክርስቲያኒቱን አቋም እንዲያስረዱ ተጠየቁ። ሁለቱም ወገን ልክ እንደሆነ፣ ሰይጣን በአንድ በኩል እንዳለ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ነገሩ በሰፊው መታየት እንዳለበት ገልጸው ሰዓታቸውን አዩ።

ወይዘሮ ዳፍኒ ስለ ታሪኩ ምንም እንደማያውቁ፣ ታሪኩን ግን በሙሉ ልባቸው እንደሚደግፉ ተናገሩ። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ፣ በሩ ፊት የቆመው ትልቁ ቁም ሳጥን የአበባ አሰናጆች ንብረት እንደሆነ፣ በውስጡም አርባ አንድ የአበባ ማስቀመጫ፣ የወለል መጥረጊያው ማሽንና የገና ትርኢት አህያ እንዳሉበት፣ ይህ ሁሉ ሌላ መግቢያ እንደሌለው አስረዱ። «አህያዋ ጆሮዋ የተለጠፈው በሙጫ ነው፤ ከተነካች አልመልስም» አሉ።

በዚህ ጊዜ አቶ ኖርማን እጃቸውን አወጡ። የሚከተለው ንግግራቸው ካለፉት ስድስት ዓመታት ንግግራቸው ሁሉ ይረዝማል። «ያ በር እኮ አልተገነበም። ቸነፈር የለ፣ ምን የለ። እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ ሬሳ ሲያስገባበት አይቻለሁ፣ ሬሳ ሣጥን በደረጃ አይመችማ። በሰባ አራት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ቁም ሳጥኑን አምጥተው ማስቀመጫ ጠፋ፤ እዚያ ገተሩት፣ በቃ።»

ሻለቃው የገበሬ ትዝታ ሰነድ እንዳልሆነ ገለጹ። አቶ ኖርማን ግንቡን የሚናገረው ሰነድ የቱ እንደሆነ ጠየቁ። ሻለቃው መመሪያቸውን ከፍ አድርገው አሳዩ። አቶ ኖርማን መመሪያው ከየት እንዳገኘው ጠየቁ። ሻለቃው፣ ከቀድሞው እትም አሉ። የቀድሞውን እትም የጻፉትም እሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ አይቪ፣ «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! የዳፍኒን ቁም ሳጥን ሰይጣን ይሸከመው?» አሉ። ወይዘሮ ዳፍኒ ይቅርታ ይጠየቁ ዘንድ ጠየቁ። ወይዘሮ አይቪ ሰይጣንን ይቅርታ ጠየቁ።

የጸሐፊዋ ማስታወሻ፦ ጸሐፊዋ በዚህ ቦታ ተናዳለች፤ ይህንንም አትደብቅም። ይህ ቤት ስምንት መቶ ዓመት የቆመው ሲቸግረው እየተቆረጠና እየተቀጠለ ነው። የደወሉ ግንብ ክብ ሆኖ ተጀምሮ ስምንት ማዕዘን ሆኖ ያለቀው አሠሪው መሐል ላይ ሐሳቡን ስለቀየረ ነው። የግድግዳውን ሥዕል አንዱ ትውልድ ሣለው፣ ሌላው ኖራ ቀባው፣ የኛ አያቶች ፋቁት። የጣሪያውን መላእክት ፊት በሃይማኖት ጠብ ዘመን የሰበሩትም የዚሁ መንደር ሰዎች ናቸው። ያኔ ሁሉ «ታሪክ ነውና አይነካ» ያለ ሰው አልነበረም። አይነካም የተባለው አንዲት አሮጊት መግባት ስትፈልግ ነው።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ የሰሜኑ በር ከ1349 ጀምሮ በግንብ የተዘጋ ነው ተብሎ እንዲታመንና እምነቱም በቅርስነት እንዲጠበቅ ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 4፦ አማራጮች

ሰብሳቢው ማንም ቅር ተሰኝቶ እንዳይሄድ ሌላ መላ ይፈለግ አሉ። ሐሳቦች ቀረቡ።

ሻለቃው ወይዘሮ አይቪ በአራት ጎረምሶች ትከሻ ደረጃውን እንዲወጡ ሐሳብ አቀረቡ። ወይዘሮ አይቪ፣ «በአራት ሰው ትከሻ የምገባበት ቀን ሩቅ አይደለም፤ ነገ ግን አይደለም» አሉ። ሐሳቡ ወደቀ።

ጸሐፊዋ በደረጃው ላይ የእንጨት መወጣጫ ይደረግ አለች። ሻለቃው ተቃወሙ። ደረጃውን ሰባት መቶ ዓመት የምእመናን እግር እንዳጎደጎደው፣ ጉድጓዱም የመመሪያው ሽፋን ፎቶግራፍ እንደሆነ፣ በጣውላ መሸፈን ማለት እግራቸውን መካድ እንደሆነ ተናገሩ። ወይዘሮ አይቪ፣ «የኔን ዳሌ የበላው እሱ ጉድጓድ ነው። ፎቶ ላይ እኔም ልግባ?» አሉ።

ቄስ ኦድሊ ገንዳው ወደ መስኮቱ ይጠጋ አሉ። አቶ ኖርማን ገንዳው አንድ ወጥ ድንጋይ እንደሆነና የሁለት በሬ ክብደት እንዳለው አስታወሱ። ቄሱ እንግዲያው ሕፃኗ ወደ መስኮቱ ትሂድ፣ ከተጠመቀች በኋላ በመስኮቱ ወጥታ ትታይ፣ ትመለስ አሉ። ወይዘሮ አይቪ፣ «ኔሊ ቲኬት ናት በመስኮት የምትቆረጠው?» ብለው ጠየቁ። ቄሱ አፍረው ሐሳባቸውን ሰረዙ።

በመጨረሻ ወይዘሮ ዳፍኒ የመስታወት ሐሳብ አመጡ። ከገንዳው በላይ ባለው የጣሪያ መልአክ እጅ ላይ መስታወት ቢንጠለጠል፣ ወይዘሮ አይቪ በመስኮት ሆነው በመስታወቱ ጥምቀቱን ያያሉ አሉ። ሻለቃው የጢም መላጫ መስታወታቸውን ለገሱ። ሰብሳቢው ግን በዚህ ቤት የመጽሐፍ ማስቀመጫ እንኳ ቦታው ሲለወጥ ከሀገረ ስብከቱ የጽሑፍ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ ፈቃዱም ባለፈው ለምንጣፍ ተጠይቆ አሥራ አራት ወር እንደወሰደ አሳሰቡ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ለነገው ጥምቀት የሚሆነው መስታወት በ2021 መጀመሪያ ላይ እንዲሰቀል ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ተወሰነ። ወይዘሮ ዳፍኒ ለውሳኔው አጨበጨቡ። «አይቪዬ፣ ይኸው ተሳካልዎት!» አሉ።

በመስኮቱ በኩል ኮፍያው ዝቅ ብሎ ነበር። ወይዘሮ አይቪ እያለቀሱ መሆኑን ጸሐፊዋ አየች፣ አቶ ኖርማንም አዩ። ሌሎቹ ወደ አጀንዳ አምስት፣ ወደ ገና ዝግጅት፣ ማለፍ ጀምረው ነበር።

አጀንዳ 5፦ አቶ ኖርማን ጊብስ

ይህም በፕሮግራሙ አልነበረም። አቶ ኖርማን የንግግር ፈቃድ ሳይጠይቁ ተነስተው ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዱ። ወይዘሮ ዳፍኒ፣ «አንተ! ምን ልታደርግ ነው? አርባ አንድ ነው፣ አርባ አንድ!» እያሉ ተከተሏቸው። ሻለቃው የሥርዓት ጥያቄ አነሱ። ሰብሳቢው ሁለቱም ወገን ልክ ነው አሉ።

አቶ ኖርማን ጎንበስ ብለው ከቁም ሳጥኑ ሥር የተጋረደውን አረንጓዴ ጨርቅ ገለጡ። ከዚያም፣ «ጎማ አለው» አሉ።

የትምህርት ቤት ቁም ሳጥን ነውና ከሥሩ አራት ጎማዎች አሉት። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብሎ ያየ የለም። በአንድ እጅ ሲገፋ ተንከባለለ። አንድም ማስቀመጫ አልተሰበረም። አህያዋም ጆሮዋን እንደያዘች ሄደች።

ከኋላው የወፍራም እንጨት በር ተገኘ። ግንብ የለም፣ ባልጩት የለም፣ 1349 የለም። የብረት መቀርቀሪያ አለው። አቶ ኖርማን መቀርቀሪያውን በመዝሙር መጽሐፍ ጀርባ ሁለቴ መቱትና ሳቡት። በሩ ተከፈተ፤ የደረቀ ቅጠልና የቀን ብርሃን ገባ። ሻለቃ ትዌይት ለረጅም ጊዜ አይተውት፣ ይህ ትክክለኛው በር ላይሆን ይችላል አሉ።

አቶ ኖርማን በበሩ ወጥተው ቤተ ክርስቲያኑን ዞሩ። ጥቂት ቆይተው ወይዘሮ አይቪን በወንበራቸው እየገፉ በሰሜኑ በር ገቡ። ጎማው እርጥብ ሣር ነበረበት። ወይዘሮ አይቪ ገንዳው አጠገብ ሲደርሱ «እዚህ ጋ» አሉ። እጃቸውን የገንዳው ከንፈር ላይ አሳረፉ። ጣሪያውን አዩ፣ ፊት የሌላቸውን መላእክት ከዳር እስከ ዳር አዩ፣ ወደ ደወሉ ገመድም አዩ። «ኖርማን፣ ገመዱ አርጅቷል፤ አታዩትም እንዴ?» አሉ። 

ጸሐፊዋ በዚህ ቦታ እስክሪብቶዋን አስቀምጣለች። ለጥቂት ደቂቃ የተመዘገበ ነገር የለም። ዓይኗ ስለረጠበ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

አጀንዳ 6፦ የተፈጠረው ሁኔታ

ወይዘሮ ዳፍኒ ቁም ሳጥኑ አሁኑኑ ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ ለዚህም ወይዘሮ አይቪ እንዲነሱ ጠየቁ። ወይዘሮ አይቪ ወንበራቸውን ቁም ሳጥኑ ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ ልክክ አድርገው የሁለቱንም ጎማ ፍሬን ያዙ። «መነሳት እንኳ አልችልም፣ ዳፍኒዬ። ሐኪም ከልክሎኛል» አሉ።

ቄስ ኦድሊ ላብ በላብ ሆኑ። ያለ ፈቃድ በር መከፈቱን የሀገረ ስብከቱ የሕንጻ ተቆጣጣሪ የሆኑት ሊቀ ዲያቆናቱ ቢሰሙ ምን እንደሚሉ ጠየቁ። ሻለቃው ደግሞ በውሳኔ ሦስት በሩ በግንብ የተዘጋ ስለሆነ መከፈቱ ውሳኔ መጣስ ነው፣ ከዚያ የባሰው ግን መመሪያው በቅርቡ በአዲስ እትም መውጣቱ ነው አሉ። ወይዘሮ ዳፍኒ በበኩላቸው፣ በውሳኔ አንድ ወይዘሮ አይቪ የተቆጠሩት በመስኮት ስለሆነ፣ አሁን መስኮቱ ባዶ በመሆኑ ስድስት አልሞላንም፣ ስለዚህ ስብሰባ ላይ አይደለንም አሉ። ይህን ተናግረው በስብሰባው ላይ ሌላ ሩብ ሰዓት ተናገሩ።

እዚህ ላይ ቄሱ ፊታቸው በራ። ስድስት ካልሞላን ስብሰባው አልነበረም፣ ስብሰባው ካልነበረ ውሳኔ አልተላለፈም፣ ውሳኔ ካልተላለፈም የተጣሰ ነገር የለም፤ እንግዲያውስ ሁሉም ቢሰረዝ ሁላችንም ንጹሕ ነን አሉ። ሻለቃው በሩም አልተከፈተም ማለት ነው? ብለው ጠየቁ። ቄሱ፣ «አልተከፈተም» አሉ። ወይዘሮ ዳፍኒ ቁም ሳጥኔስ? አሉ። «አልተነቃነቀም።» ሁሉም በደስታ ተጨባበጡ። ሦስቱ ማለት ነው።

ወይዘሮ ዳፍኒ፣ «ታዲያ ይዝጉታ በሩን! እሳቸውም ይውጡ!» አሉ።

ጸሐፊዋ፣ ለመዝገቡ ጥራት ብቻ፣ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። በሩ ካልተከፈተ ምኑ ይዘጋል? ቁም ሳጥኑ ካልተነቃነቀ ወዴት ይመለሳል? ወይዘሮ አይቪስ ካልገቡ ከየት ይውጡ? ያልተከፈተን በር ዝጉ ብሎ የሚያዝ ደብዳቤ ወደ ሀገረ ስብከቱ ቢላክ፣ ሊቀ ዲያቆናቱ መጥተው ያዩ ዘንድ ይገደዳሉ አለች።

ሰብሳቢው ሊቀ ዲያቆናት የሚለውን ቃል ሲሰሙ፣ ጥያቄው ጥሩ ነው፣ አይመለስ አሉ።

ወይዘሮ አይቪ ጮክ ብለው፣ «እኔ እንግዲህ አልገባሁም። ነገም በአራት ሰዓት መጥቼ እዚሁ አልገባም። ኔሊንም ይዛችሁልኝ ባትገቡ ደስ ይለኛል» አሉ። አቶ ኖርማን፣ «እሺ» አሉ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከአጭር ውይይት በኋላ፣ በዛሬው ዕለት የተላለፉት ውሳኔዎች በሙሉ፣ የመቆጠሩም፣ የነፋሱም፣ የግንቡም፣ የመስታወቱም እንዲሰረዙ፤ ስብሰባውም እንዳልተካሄደ፣ ቁም ሳጥኑ እንዳልተነካ፣ በሩም እንዳልተከፈተ እንዲቆጠር፤ ያልተከፈተ በር ስለማይዘጋም ባለበት ሁኔታ እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ወይዘሮ አይቪም እጃቸውን አውጥተዋል። ማንም አልቆጠራቸውም፣ ማንም እጅዎን ያውርዱ አላላቸውም።

ያልተካሄደው ስብሰባ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ተበተነ። ዝናብ ጀምሮ ነበር፣ መኪናዎቹም የቆሙት በሰሜን በኩል ነው፤ ስለዚህ ሰብሳቢው፣ ሻለቃውና ወይዘሮ ዳፍኒ አንድ በአንድ ጎንበስ ብለው ባልተከፈተው በር ወጡ። ወይዘሮ አይቪ ለማሳለፍ ወንበራቸውን ትንሽ ፈቀቅ አድርገውላቸዋል።